ጥሬ ፊልም ያልነበረው የፊልም ትምህርት ቤት፦ የሞስኮው ወርክሾፕ ጉዳይ

የፊልም ሙያ መማር የጀመረን ሰው ገና ከደጃፉ የሚቀበለው የቃላት ዶፍ ነው። ሾት፣ ሲን፣ ቴክ፣ ፍሬም፣ ክሎዝ አፕ፣ ካት፣ ሞንታዥ። እኔ ስጀምር ደብተር ገዝቼ፣ ገጹን መሀል ለመሀል በመስመር ከፍዬ፣ በግራ ቃሉን በቀኝ ትርጉሙን እየጻፍኩ ሸመደድኩት። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ከወራት በኋላ አንድ አጭር ፊልም ሲቀረጽ በረዳትነት ቆሜ ሳለሁ ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ «ይቺን ሲን በስንት ሾት እንጨርሳት?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሁለቱንም ቃላት አውቃቸዋለሁ፤ እሱ የጠየቀኝ ግን ትርጉማቸውን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ጉዳይ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ረሃብና የእርስ በርስ ጦርነት ባደቀቃት ሞስኮ፣ በሌቭ ኩሌሾቭ ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥቂት ወጣቶች የፊልምን መሠረታዊ ቃላት ከእኛ በብዙ የባሰ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ተማሩ። የሚቀርጹበት ፊልም አልነበራቸውም። የሚያነቡት መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ከቃላቱም ገሚሶቹ ገና ትርጉማቸው አልረጋም ነበር። እንዴት እንደተማሩት ቢታወቅ ለማንኛውም ጀማሪ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ጉዳዩን ከነዝርዝሩ አቀርበዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እጥረቱ

ከአብዮቱ በፊት ሩሲያ ሞቅ ያለ የፊልም ሥራ ነበራት። ጥሬ ፊልሙ፣ ገና ያልተቀረጸበት ጥቅል ማለት ነው፣ ግን የሚመጣው ከውጭ ነበር። የዓለም ጦርነቱ፣ ቀጥሎ አብዮቱ፣ ከዚያም የውጭ ኃይሎች እገዳ መንገዱን ዘጉት። ከስቱዲዮ ባለቤቶችና ከታወቁ ተዋንያን ብዙዎቹ ያላቸውን ይዘው ወደ ደቡብ፣ ወደ ክራይሚያ ወረዱ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ፓሪስ ገቡ። ሌኒን ኦገስት 27 ቀን 1919 ሲኒማን ወደ መንግሥት እጅ የሚያዛውር አዋጅ ፈረመ። በዚያው ዓመት በዳይሬክተሩ በቭላዲሚር ጋርዲን መሪነት የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት ሞስኮ ላይ ተከፈተ። ዛሬ ቪጊክ እየተባለ የሚጠራው፣ የማሊው ሱሌይማን ሲሴና የሞሪታኒያው አብደራህማን ሲሳኮ የተማሩበት ተቋም ይኸው ነው።

እጥረቱ ምን ያህል እንደነበር ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይረዳል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ሜትር ውስጥ 52 ያህል ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ አለ። በዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ 16 ያህል ፍሬም ይቀርጽ ስለነበር አንድ ሜትር ፊልም የሚበቃው ለሦስት ሰከንድ ነው። ዛሬ ስልኩን አውጥቶ አንድ ሰዓት የሚቀርጽ ልጅ በዚያ ልኬት ከ1,000 ሜትር በላይ ፊልም ጨረሰ ማለት ነው። ሞስኮ ላይ አንዷን ሜትር ማግኘት ደጅ ያስጠና ነበር።

ሌቭ ኩሌሾቭ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት 20 ዓመቱ ነበር። ሥዕል ተምሮ በ1916 የፊልም ሥራ ውስጥ የገባው የዳይሬክተሩ የይቭጌኒ ባወር የትዕይንት ንድፍ ሠሪ ሆኖ ነው። ባወር በማግስቱ ዓመት ሲሞት ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ግንባር ሄዶ የዜና ፊልም ቀርጿል፤ አሮጌ ፊልሞችን ፈትቶ እንደገና በመቀጠልም ሠርቷል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በጅምሩ የራሱ ክፍል አልተሰጠውም። ፈተና የወደቁ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለድጋሚ ፈተና አዘጋጀ፤ በከፍተኛ ውጤት አለፉ። የኩሌሾቭ ወርክሾፕ የተባለው ስብስብ ከዚያ አደገ። በጊዜ ሂደት ከተቀላቀሉት መካከል ጀርመን ምርኮኛ ሆኖ የቆየው ኬሚስት ፍሴቮሎድ ፑዶቭኪን፣ ቦክሰኛው ቦሪስ ባርኔት፣ አሌክሳንድራ ኾኽሎቫ፣ ሊዮኒድ ኦቦሌንስኪ፣ ሰርጌይ ኮማሮቭና ቭላዲሚር ፎገል ይገኙበታል።

መጀመሪያ የተጠናው ተመልካቹ ነበር

ኩሌሾቭ ትርጉም ከመስጠቱ በፊት ያደረገው ነገር እኔን በጣም ይማርከኛል። ሲኒማ ቤት ገብቶ ከሸራው ይልቅ ሰዉን ይመለከት ነበር። በተለይ ርካሽ ሲኒማ ቤቶችን መረጠ፤ የተማረው ተመልካች ስሜቱን አፍኖ ይቀመጣል፣ የሰፈር ተመልካች ግን ሲደነግጥ ይጮኻል፣ ሲደሰት ያጨበጭባል። የሩሲያ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ፊልሞችን በዚህ ዓይነት አነጻጸረ። ሰዉ ከመቀመጫው ብድግ የሚለው የአሜሪካኖቹ ላይ ነበር።

ለምን? ሁለቱን ዓይነት ፊልም ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁርጥራጩን ቆጠረ። የሩሲያው ፊልም በጥቂት ረጃጅም ቁራጮች የተሠራ ነው፤ ካሜራው አንድ ቦታ ይቆማል፣ ተዋናዩ እንደ ቲያትር መድረክ ገብቶ ይወጣል። የአሜሪካው ግን በብዙ አጫጭር ቁራጮች የተሰካካ ነው። እዚህ ላይ ነው «ሾት» የሚባለው ነገር ለኩሌሾቭ ቁጥር ሆኖ፣ ሊቆጠርና ሊለካ የሚችል ሆኖ የታየው። ጀማሪ ሁሉ ይህን ቢያደርግ እመኛለሁ። የምትወዱትን ፊልም አንድ ደቂቃ ከፍታችሁ፣ ምስሉ በተቀየረ ቁጥር ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ሾት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳችሁ አይገባም።

ከዚህ ቆጠራ ኩሌሾቭ ሌላም ነገር አወጣ። ቁራጩ አጭር ከሆነ ተመልካቹ ለማንበብ የሚያገኘው ጊዜም አጭር ነው፤ ስለዚህ ፍሬሙ ውስጥ ያለው ነገር በአንድ እይታ የሚነበብ መሆን አለበት። ሾትን ከፊደል ጋር ያመሳሰለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በእጅ ጽሑፍ ያጨማለቁት ፊደል ቃሉን እንደሚያበላሸው ሁሉ የተዝረከረከ ፍሬምም ዓረፍተ ነገሩን ያበላሻል።

የተዋሷቸው ቃላት

እኛ ቃላቱን ከእንግሊዝኛ ወስደን በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ አንዳንዱ ሰው ያፍራል። ሩሲያውያኑም ተውሰዋል፤ ያውም ከፈረንሳይ። «ካድር» ከፈረንሳይኛው የክፈፍ ስም የመጣ ነው፤ በሩሲያኛ ፍሬምንም ሾትንም ይጠራል። አንድ ቃል ለሁለት ነገር! እኛ ዘንድ ሾትና ሲን በየቀረጻው ቦታ እንደሚደባለቁት ማለት ነው። ሾቶችን ቆርጦ መቀጠል የምንለው «ሞንታዥ» ፈረንሳይኛ ነው፤ ማሽን መገጣጠም፣ ብሎን ማሰር የሚለውን የፋብሪካ ሥራ የሚጠራ ቃል። አብዮተኛ ወጣቶች ይህን ቃል ለምን እንደወደዱት መገመት አይከብድም፤ ፊልም የሚሠራ ሰው ከመካኒክ ጎን ይቆማል።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የክሎዝ አፕ ስም ነው። እንግሊዝኛው ቅርበትን ይናገራል፤ ካሜራው ተጠጋ። ሩሲያኛውና ፈረንሳይኛው ግን «ትልቅ ፕላን» ነው የሚሉት፤ ምስሉ ፍሬሙን ሞላ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ረጅም ሌንስ የያዘ ቀራጭ 20 ሜትር ርቆ ቆሞ የሰው ፊት ፍሬሙን እንዲሞላ ማድረግ ይችላል። ካሜራው አልቀረበም፤ ሾቱ ግን ክሎዝ አፕ ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ የሸመደደ ጀማሪ ክሎዝ አፕ ሲባል ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ተዋናዩ አፍንጫ ይሮጣል፤ ሰፊ ሌንስ ከገጠመም የተዋናዩ ፊት ተጣምሞ ይወጣል። መለኪያው ፍሬሙ ውስጥ የሰውየው አካል ከየት እስከ የት ታየ የሚለው ነው። ፊቱ ብቻ፣ ከደረት በላይ፣ ከወገብ በላይ፣ ከጉልበት በላይ፣ ሙሉ ቁመት፣ ከዚያም ሰውየው በቦታው ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚታይበት ሰፊው ሾት። ከጉልበት በላይ ያለውን ፈረንሳዮች «የአሜሪካ ፕላን» ይሉታል።

አንዱን ቃል ደግሞ ወርክሾፑ አውቆ ጣለው። ተዋናይ የሚለውን። ኩሌሾቭ ሠዓሊ ስለነበር በምትኩ «ናቱርሽቺክ» አለ፤ ለሠዓሊ የሚቀመጥ ወይም የሚቆም ሞዴል ማለት ነው። የቲያትር ተዋናይ ድምፁንና ስሜቱን እስከ ኋለኛው ወንበር ድረስ መወርወር አለበት፤ ካሜራ ፊት ይኸው ልማድ ይበዛል። ስሙ ሲለወጥ ሥራውም ተለወጠ። ተማሪው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ተሰማህ ተብሎ መሆኑ ቀረ፤ እጅህ የት ነው፣ አንገትህ ወዴት ዞረ ተብሎ ሆነ።

ያለ ፊልም የተሠሩ ፊልሞች

ጥሬ ፊልም ስለሌለ ወርክሾፑ ፊልሞቹን በመድረክ ላይ ሠራቸው። ታሪኩ በአጫጭር ቁራጮች ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ አንድ ሾት ይለማመዱታል፣ በመጋረጃና በመብራት እየታገዙ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይሻገራሉ። «ያለ ፊልም የተሠሩ ፊልሞች» ይባሉ ነበር፤ ሰው ተጋብዞም አይቷቸዋል።

የካሜራው ዓይን የሚያየው ቦታ ቅርጽ አለው። ጫፉ ሌንሱ ላይ፣ ወርዱ እየራቀ ሲሄድ የሚሰፋ ፒራሚድ ነው። ቲያትር ውስጥ ተዋናዩ ወደ ተመልካቹ በቀረበ ቁጥር ቦታው ይሰፋዋል፤ ፊልም ላይ ግን ወደ ሌንሱ በቀረበ ቁጥር ይጠበዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቢራመድ እጁ ከፍሬም ይወጣል። ኩሌሾቭ ይህን ፒራሚድ በምናባዊ መስመሮች እንደ መረብ ከፋፍሎ ተማሪዎቹን በዚያ ውስጥ አለማመዳቸው፤ ክንድ በየትኛው መስመር እንደሚነሣ፣ ጭንቅላት በየትኛው እንደሚዞር ይለካል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የአካል እንቅስቃሴ መምህር ፍራንሷ ዴልሳርት ትምህርት እዚህ ውስጥ ገብቷል። አሰልቺ ልምምድ ይመስላል። ግን እስቲ አስቡት፤ ካሜራ በሌለበት የፍሬሙን ጠርዝ በሰውነቱ የሚያውቅ ተማሪ «ፍሬም» የሚለውን ቃል እንዴት ይረሳዋል?

እኔ እጥረቱን አላወድሰውም። ፊልም ቢኖራቸው የበለጠ በተማሩ ነበር። የሚገርመኝ ግን የቃሉን ሥራ በእጃቸው እስኪሠሩ ድረስ ቃሉን እንደያዙ አለመቁጠራቸው ነው።

ኋይት ሐውስ ሞስኮ ውስጥ

ትንሽ ፊልም በተገኘ ጊዜ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የተሠራው ሙከራ መሠረታዊ ቃላትን ለማስተማር እስከ ዛሬ የሚተካከለው ያለ አይመስለኝም። «ፈጣሪ ጂኦግራፊ» ይባላል። ኾኽሎቫ በፔትሮቭካ ጎዳና ትሄዳለች። ኦቦሌንስኪ ሌላ ሰፈር፣ በሞስኮ ወንዝ ዳርቻ ይሄዳል። ይተያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ወደ መገናኛው ይሄዳሉ። የሚገናኙት ደግሞ ሦስተኛ ቦታ፣ የጎጎል ሐውልት ያለበት ጎዳና ላይ ነው። ይጨባበጣሉ፤ ከዚያ ወደ አንድ ነገር ይመለከታሉ። የሚያዩት ሕንፃ ከአሜሪካ ፊልም የተቆረጠ የዋሽንግተኑ ኋይት ሐውስ ነው። ቀጥሎ ደረጃ ይወጣሉ፤ ደረጃው በ1931 የፈረሰውና በኋላ እንደገና የተሠራው የክርስቶስ መድኃኒት ካቴድራል ነው። ሸራው ላይ ግን ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰፈር ውስጥ ተገናኝተው ወደ ኋይት ሐውስ ገቡ።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ይህ ስንት ሲን ነው?

ተመልካቹን ብትጠይቁት አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ግንኙነት። የቀረጻ መርሐ ግብር የሚያወጣውን ሰው ብትጠይቁት ቢያንስ አራት ነው፤ አራት ቦታ መኪና ማቆም አለበት። ኋይት ሐውስን ለመቀጠል ለተቀመጠው ኤዲተር ደግሞ ጥቅል ፊልም ውስጥ የተገኘ አንዲት ቁራጭ ነው። «ሲን» የሚለው ቃል ጽሑፉ ላይ፣ ቀረጻው ላይና ኤዲቲንጉ ላይ የተለያየ ጥላ እንዳለው ደብተሬ አልነገረኝም ነበር። ዳይሬክተሩ ያኔ የጠየቀኝም ይህንኑ ነው፤ ተመልካቹ አንድ ነው ብሎ የሚያምነውን ነገር በስንት ቁራጭ እንገንባው?

ይኸው ሙከራ ሌሎች ቃላትንም ይዞ ይመጣል። ኾኽሎቫ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደች ከሆነ ኦቦሌንስኪ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ አለበት፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ተመልካቹ ይከታተላሉ እንጂ ይገናኛሉ አይልም። ይህ የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ነው። ሲመለከቱ ዓይናቸው ያረፈበት ከፍታ ከሕንፃው ጋር መስማማት አለበት፤ ይህ የዓይን መስመር ነው። ልብሳቸው ከሾት ሾት መለወጥ የለበትም፤ ይህ ኮንቲኒቲ ነው። ሦስቱም ቃላት የተወለዱት ከአንድ ችግር ነው፦ የማይገናኙ ቦታዎችን አገናኝ።

ፊቱ

ወርክሾፑን ዓለም የሚያውቀው ግን በሌላ ሙከራ ነው። ኢቫን ሞዡኺን የአብዮት ዋዜማ ሩሲያ ትልቁ የፊልም ኮከብ ነበር፤ በ1920 ተሰዶ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ኩሌሾቭ ከአሮጌ ፊልም የሞዡኺንን ክሎዝ አፕ አወጣ፤ ፊቱ ይህ ነው የሚባል ስሜት አያሳይም። ፑዶቭኪን በኋላ እንደተረከው ያንኑ ፊት ከሦስት ነገር ጋር ቀጠሉት፦ ከአንድ ሳህን ሾርባ፣ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተኛች ሴት፣ አሻንጉሊት ይዛ ከምትጫወት ሕፃን። ተመልካቹ ተዋናዩን አደነቀ፤ በረሳው ሾርባ ላይ በሐሳብ መስጠሙን፣ ለሟቿ ማዘኑን፣ ለሕፃኗ ፈገግታውን። ፊቱ ግን ያው ነበር። ኩሌሾቭ ራሱ ሲያወራው ከፊቱ ጋር የተቀጠሉት ነገሮች ከፑዶቭኪን ይለያሉ፤ የሙከራው ፊልምም አልተገኘም።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ሳህንም ሬሳ ሣጥንም አያስፈልግም። «አለ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። ሁለት ፊደል። «ልጁ እርቦኛል አለ» ስንል ተናገረ ማለት ነው። «ልጁ ቤት አለ» ስንል ይገኛል ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ የተለወጠ ነጥብ የለም፤ መጥበቅና መላላቱ አይጻፍም። አንባቢው ግን አይሳሳትም፤ ጎረቤቱን ቃል አይቶ ራሱ አጥብቆ ወይም አላልቶ ያነባል። የሞዡኺን ፊት «አለ» ነው። የሚያነበው ተመልካቹ ነው፤ ንባቡን የሚወስነው አጠገቡ ያለው ሾት ነው።

ሙከራውን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና የሞከሩ አሉ። በ1992 ስቲቨን ፕሪንስና ዌይን ሄንስሊ የጥንቱን ቅንብር ተከትለው ሲሠሩት ተመልካቾቻቸው የተባለውን ያህል አልተታለሉም። በ2006 ዲን ሞብስና ባልደረቦቹ የተለያዩ ፊቶችን ከተለያዩ ምስሎች ጋር ቀጥለው ባደረጉት ጥናት ደግሞ ውጤቱ ታየ። ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለእኔ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ፊትና ነገር ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ብቻ አይዋሃዱም፤ አንዱ ሌላውን እያየ እንደሆነ ተመልካቹ ማመን አለበት።

ይህን ያወቅኩት በአክስቴ ፊት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እያፈላች ሳለ በስልኬ ቀረጽኳት። ፊቷ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር፤ ደስታም ሐዘንም የለበትም። ከዚያ በር ሥር የቆመ ሻንጣ ቀረጽኩና ሁለቱን ቀጠልኳቸው። ለጎረቤት ልጅ ሳሳየው «ምንድነው እሷ የምታየው፣ ሰማይ ነው?» አለኝ። ደጋግሜ አየሁት። ሻንጣው መሬት ላይ ነው፤ አክስቴ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ቀና ብላለች። ሻንጣውም ፊቱም የራሳቸው እንከን የለባቸውም፤ ዓይኗ ግን ሻንጣው ላይ አያርፍም። ተመልሼ ጀበናው ከሰሉ ላይ ሲንተከተክ ዝቅ ብላ ስታይ ቀረጽኳትና ያንኑ ሻንጣ ቀጠልኩበት። በዚህ ጊዜ ያሳየሁት ለሌላ ሰው ነው፤ መጀመሪያውን ያየ ሰው ማታለያውን አውቆታል። እሜቴ ጎረቤታችን አይተው «ውይ፣ ማን ሊሄድባት ነው?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ሐዘኔታ ነበር። አክስቴ የምታየው ጀበና ነበር።

«የዓይን መስመር» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴ ነው። ሰው ላየው ነገር የሚሰጠውን ምላሽ የሚያሳየው «ሪአክሽን ሾት» የሚለውም እንዲሁ።

በአማርኛ ስንጠራቸው

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቃላት አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩ ከሞስኮ ጋር በቀጥታ ይገናኛልና። አማርኛ ለሞንታዥ የሚቀርብ ጥሩ ቃል አለው፦ ቅንብር። ግን ቅንብር ሙዚቃ ላይ ሌላ ሥራ ይዟል፤ የቪዲዮ ክሊፕ መጨረሻ ላይ «ቅንብር» ተብሎ የተጻፈው ስም ዜማውን ያቀናበረው ይሁን ምስሉን የቀጠለው አንዳንዴ አይለይም። «አዘጋጅ» ፊልምና ቲያትር ላይ ዳይሬክተር ነው፣ ራዲዮ ላይ ፕሮግራም የሚሠራው ነው፣ መጽሔት ላይ ደግሞ ጽሑፍ የሚያርመው። «ትዕይንት» ሲንንም፣ አጠቃላይ ዝግጅትንም፣ ለዓይን የሚገርም ነገርንም ይጠራል። ስለዚህ ቀረጻ ቦታ ላይ ዳይሬክተር፣ ሲን፣ ካት ብለን ብንግባባ አላዝንም። ኩሌሾቭም ካድር ብሎ ጀምሯል። የሚያሳዝነኝ «ሲን 4፣ ሾት 2፣ ቴክ 3» ክላፐሩ (ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት የሚያዘው ሰሌዳ) ላይ ተጽፎ ሳለ ክላፐሩን የያዘው ልጅ ሦስቱ ቁጥሮች ለምን እንደሚለያዩ ሳይገባው ሲቀርና ኤዲተሩ ሌሊቱን ሙሉ የተዛባ ፋይል ሲፈልግ ሲያድር ነው። ሲን 4 ታሪኩ ውስጥ ያለ ቦታና ጊዜ ነው፤ ሾት 2 ካሜራው በዚያ ሲን ውስጥ ሁለተኛ ቦታውን መያዙን ይናገራል፤ ቴክ 3 ያንኑ ሾት ሦስተኛ ጊዜ መሞከራቸውን። ካሜራው ሳይነቃነቅ የሚለወጠው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው።

ጠቡ

ከዚህ ክፍል የወጡት ሰዎች ሞንታዥ ምንድን ነው በሚለው ላይ አልተስማሙም። ለኩሌሾቭና ለፑዶቭኪን ሾቶች እንደ ጡብ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፣ ሐሳቡ ይገነባል። ለጥቂት ወራት ወርክሾፑ ውስጥ የተማረው ሰርጌይ አይዘንሽታይን በ1929 ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ሞንታዥ ግጭት ነው፣ ሁለት ሾት ሲላተሙ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል አለ። ምሳሌው ከቻይናና ከጃፓን ጽሑፍ ነበር፤ የውሻ ምልክትና የአፍ ምልክት ሲጣመሩ መጮኽ ይሆናል። ጀማሪ ሳለሁ መጽሐፍ ላይ ሁለት የተለያየ የሞንታዥ ትርጉም ሳገኝ አንደኛው ስሕተት መስሎኝ ሰርዤዋለሁ። ስሕተት አልነበረም። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ቃል ላይ ሲከራከሩ የቀሩ ሁለት አቋሞች ናቸው፤ ያለ ክርክሩ ቃሉ ግማሽ ነው።

ፊልሙ ሲመጣ

በ1920ዎቹ አጋማሽ ጥሬ ፊልም ከውጭ እንደገና መግባት ጀመረ። ወርክሾፑ በ1924 የመጀመሪያውን ሙሉ ፊልሙን አወጣ፤ ቦልሼቪኮችን የሚፈራ አንድ አሜሪካዊ ሞስኮ መጥቶ የሚገጥመውን የሚተርክ ኮሜዲ ነው። ፑዶቭኪን፣ ባርኔት፣ ኾኽሎቫ፣ ኮማሮቭ፣ ኦቦሌንስኪ ሁሉም ተጫውተውበታል። ፊልሙን ሳየው ዓይኔ የሚያርፈው እንቅስቃሴያቸው ላይ ነው። እያንዳንዱ አካላዊ ድርጊት ንጹሕ ነው፤ እጅ ሲነሣ ይነበባል፣ ፊት ሲዞር ይነበባል። ዓመታት ሙሉ ካሜራ በሌለበት የለኩት ፒራሚድ በመጨረሻ ካሜራ ተገኘለት። በ1926 ደግሞ ከጃክ ለንደን አጭር ልቦለድ ተነሥተው በጣም በአነስተኛ ወጪ፣ አብዛኛውን አንዲት ጎጆ ውስጥ የሚያልቅ ፊልም ሠሩ።

ኩሌሾቭ ትምህርቱን በ1929 መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ የቀድሞ ተማሪዎቹ መቅድም ጻፉለት፤ እነሱ ፊልሞችን እንደሚሠሩ፣ እሱ ግን ሲኒማን ራሱን እንደሠራ መሰከሩ። ብዙም ሳይቆይ የቅርጽ አምላኪ ተብሎ ተወቀሰ። የመጨረሻ ፊልሙን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሠርቶ የቀረውን ዘመኑን በዋናነት በማስተማር አሳለፈ፤ በ1970 አረፈ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የፈጣሪ ጂኦግራፊው ሙከራ ቁርጥራጮች ተገኙ። የሞዡኺን ፊት እስከ ዛሬ የለም። ስለ መጨባበጡ ሾት ኩሌሾቭ የተረከው አንድ ነገር አለ፤ ያን ቀን ኾኽሎቫ ከተማ ውስጥ ስላልነበረች ካፖርቷን ሌላ ሴት ለብሳ እጇን ዘረጋች። የእጁ መለወጥ በሸራው ላይ ለማንም አልታወቀም ነበር።